እናቴ የት ሄደች?

አንደኛ ክፍል እያለሁ እናቴ ከቤታችን ጠፋች። አክስቴ ሸጎሌ ቤቷ ወስዳ ሁለት ሳምንት አቆየችኝ፤ ሽሮ ሜዳ ወዳለው ቤታችን ስመለስ እናቴ የለችም። አክስቴ "ሆስፒታል ናት" አለችኝ። ጎረቤታችን "እንጦጦ ማርያም ጸበል ገብታለች" አለችኝ። አባቴን ስጠይቀው "አገር ቤት ሄዳለች" ብሎ ወደ ሽመናው አቀረቀረ። ትልልቆቹ የማይገባኝን ጋሞኛ ሲያወሩ ቆይተው እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ግራ ገባኝ። አገር ቤት ከሄደች ነጠላዋ ለምን ሚስማሩ ላይ ቀረ?

ትምህርት ቤት መናገር ተውኩ። ቲቸር አስቴር ግን አልተቆጣችኝም። ያረጀ የቀን መቁጠሪያ ሥዕል ካርቶን ላይ ለጥፋ፣ በመቀስ ቆራርጣ፣ በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ቁጭ አለች። "ነይ እንገጣጥመው" አለችኝ። የሙጫው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሐይቅና ጀልባ ነበር ሥዕሉ፤ ውሃው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ አስቸገረን። ምንም አልጠየቀችኝም። እጄ ሥራ ሲይዝ ደረቴ ቀለል ይለኝ ጀመር። በአራተኛው ቀን፣ ዓይኔን ከቁራጮቹ ሳላነሳ፣ "ቲቸር፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ ይሄዳል?" አልኳትና ሁሉንም ዘረገፍኩላት።

ስንለቀቅ እጄን ይዛ ቤት መጣች። "ጋሽ ዳና፣ ልጅቷ ግራ ገብቷታል። እባክዎ እውነቱን ይንገሯት፤ እኔም አብሬያት እቀመጣለሁ።"

አባቴ የሽመና መወርወሪያውን አስቀመጠ። "እናትሽ ሞታለች፣ ልጄ" አለኝ። አለቀስኩ። የሚገርመው፣ እያለቀስኩም የሆነ ነገር ለቀቀኝ። እንዴት እንደሞተች ግን አልነገረኝም፤ እኔም ሳልጠይቀው አደግኩ። ያ መደበቅ በደል ይሁን ፍቅር ዛሬም አልለየልኝም።

የአሁን ልጆች ገና መዋዕለ ሕፃናት ሲገቡ ፐዝል የሚባለው ተገጣጣሚ ሥዕል መደርደሪያ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ አብሯቸው እየገጣጠመ የሆዳቸውን የሚሰማ መምህርም አላቸው። የእኔዋ ልጅ የመጣላትን ሁሉ ትጠይቃለች። ባለፈው እሁድ አባቴ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ "አባባ፣ አያቴ እንዴት ሞተች?" አለችው። ደንግጬ ላስቆማት ስል አባቴ በእጁ ከለከለኝ።

"ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ መጣባት" አላት። "ሆስፒታል ሳንደርስ፣ ታክሲው ውስጥ፣ እጄን እንደያዘች ሞተች። ሕፃኑም አልተረፈም።"

እኔም ከልጄ እኩል ገና መስማቴ ነበር።

"አለቀስክ?" አለችው።

"አላለቀስኩም። እናትሽ እንዳታየኝ ብዬ" አላትና፣ እኔው ፊት አለቀሰ።