በገብስ ፍሬ የተማርኩት ሥርዓተ ነጥብ

የያዙኝ መሰላል ላይ ቆሜ ነው። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የአንድ ጨርቅ ቤት ታፔላ እየጻፍኩ ሳለ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ውረድ አሉኝ። የጀመርኩትን ቃል ልጨርስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አልፈቀዱልኝም። ጥፋቴ በምርጫው ሰሞን ለተቃዋሚዎቹ መፈክር በአቡጀዴ ላይ መጻፌ ነበር። መፈክሩን ያወጣው ሌላ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ ግን የኔ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል፤ እንዲህ አድርጎ የሚያሳምር ሌላ ሰው አልነበረማ።

ያጎሩን የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የለው፣ ሽታው ነቀዝ ነቀዝ ይላል። የሲሚንቶው ወለል ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ማን እንዳፈሰሰው የማይታወቅ ገብስ ቀርቶበታል። ስገባ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነበር። ቀጥሎም አንድ የሽማግሌ ድምፅ በሩ ሥር እንዳልተኛ፣ ብርድ እንደሚመታኝ ነግሮ ወደ ውስጥ ጠራኝ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ደብረ ታቦርን ግማሹን አስተምረዋል፤ ካሰሯቸውም ውስጥ ተማሪዎቻቸው እንዳሉ፣ ያውም ሰነፎቹ እንደሆኑ በፈገግታ ይናገሩ ነበር። የሚያስለው ደግሞ የይፋግ ነጋዴ ነው፤ ጨውና በርበሬ የሚሸጥ ሙስሊም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ። ሱቁን ለስብሰባ ሰጥተሃል ብለው ነው ያመጡት። "ሰው በርበሬ ሊገዛ ሲሰበሰብ ምን ልበለው?" እያለ ያስቀን ነበር።

የመጋዘኑ አቧራ ሳሉን አባሰበት። ትኩሳት ጨመረ፣ እህል አልቀምስ አለ፣ በመጨረሻም ደም መትፋት ጀመረ። በሩን ደበደብን። ጠባቂዎቹ ለአዛዡ እንነግራለን እያሉ ይሄዳሉ፤ በዚያው ይቀራሉ። አንድ ማለዳ ግን ከመካከላቸው አንዱ ሆዱ ራርቶ ነው መሰለኝ፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አድርጉት ብሎ እስክሪብቶና አንድ ወረቀት በበሩ ሥር አሾለከልን። ሌላ ወረቀት እንደማያመጣም ነገረን።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ልጀምር ስል መምህሩ እጄን ያዙኝ። የት የት ልታሳርፈው ነው ብለው ጠየቁኝ። ነጥቡን ማለታቸው እንደሆነ ሲገባኝ ቦታ ሲተርፈኝ እንደማደርገው ነገርኋቸው። እውነቴን ነው፤ ታፔላ ላይ በስተቀኝ ባዶ ቦታ ከቀረኝ አራት ነጥብ ጣል አደርግበትና ጽሑፉ ይመጣጠናል። ለኔ ነጥብ ማለት ጌጥ ነበር። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ በሽተኛውም ሳይቀር። እሳቸው አልሳቁም።

ከስንጥቁ ገብስ በጥፍራቸው እየለቀሙ፣ ከምንተኛበት ሰሌን ስንጥር እየመዘዙ ወለሉ ላይ ደረደሩልኝ። ሁለት ፍሬና አንድ ስንጥር ነጠላ ሰረዝ ሆነ። ሁለት ፍሬ ከላይና ከታች ስንጥር ሲደረግለት ድርብ ሰረዝ ሆነ። ፍሬውን አራት አድርገው አራት ነጥብ አሳዩኝ። ማመልከቻውን በቃሌ እንድናገርና ባረፍኩበት ሁሉ ገብሱን እንዳስቀምጥ አዘዙኝ። አንዱን ሳስቀምጥ ሌላውን ያነሱብኛል።

"ነጠላ ሰረዝ ላይ ሸክም የያዘ ሰው እጅ ይለውጣል። ድርብ ሰረዝ ላይ ሸክሙን ካብ ላይ ያሳርፋል፤ ግን መንገዱ አላለቀም። አራት ነጥብ ላይ ቤቱ ገብቷል" አሉኝ።

አጠገባችን የነበረ አንድ ገበሬ ትዕግሥቱ አለቀ። "መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ሰውየው እየሞተ እኮ ነው። ነጥቡ ይቆየን።"

"የምደክመው እንዳይሞት ነው" አሉት። "አዛዡን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ጮክ ብሎ ካልሆነ ማንበብ አይሆንለትም። ማረፊያ ካጣ እንደ ክረምት ውኃ ይወርዳል፤ ያነበበውን እሱም አይሰማውም።"

በሽተኛው ከተኛበት "ይማር ተዉት፤ ከሞትኩም በሥርዓት ልሙት" አለ።

እኔ "እግርዎ ላይ ወድቀን እንለምናለን" ብዬ ልጨርስ ነበር። ያንን ቃል አስጣሉኝ። ለማኝ ትንፋሽ አይሰበስብም፣ እኛ ግን እየጠየቅን ነው አሉ። ገብሱ ሁሉ በቦታው ሲሆን ወደ ወረቀቱ ገለበጥሁት፦

"አብሮን የታሰረው የይፋግ ነጋዴ ታሟል፤ ያስለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ እህል አይቀምስም። ደም ይተፋል። ዛሬ ሐኪም ቤት እንዲወሰድ እንጠይቃለን።"

አዛዡ ረፋዱ ላይ ሊቆጥረን መጣና ወረቀቱን በሩ ላይ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። እንደተባለውም ጮክ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሊሮጥ ሞከረ፤ ነጠላ ሰረዞቹ ያዙት። "ደም ይተፋል" ብሎ አራት ነጥቡ ላይ ሲደርስ ቆመ። በዚያች ዝምታ ውስጥ በሽተኛው ሳለ። ማናችንም አላሰብነውም። ረጅም ሳል ነበር፤ መጨረሻው ላይ ጨርቁን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሁላችንም አየን። አዛዡም አየ። የቀረችውን ዓረፍተ ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበባት።

"አንቱ ነዎት ያጻፉት?" አለ፣ ወደ መምህሩ ዞሮ።

"የጻፈው እሱ ነው። እኔ ማረፊያውን አሳየሁት።"

አዛዡ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ "ዛሬ ይወሰድ" ብሎ ጻፈና ለጠባቂው ሊሰጥ እጁን ዘረጋ። መምህሩ ግድግዳውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

"አራት ነጥብ አላደረግህበትም፣ ልጄ። ክፍት ከተውከው ሌላው መጥቶ 'ከተቻለ' ብሎ ይጨምርበታል።"

ጠባቂዎቹ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። እኔ አለቀልን አልሁ። አዛዡ ወረቀቱን ወደ ግድግዳው መለሰና ነጥቦቹን አንድ በአንድ አደረጋቸው። በሽተኛው ግን እንሸከምህ ሲሉት እምቢ አለ። ቆቡን አስተካክሎ፣ ግድግዳ እየዳሰሰ፣ በእግሩ ወጣ።

ድኗል። ይፋግ ባለፍኩ ቁጥር ምሳ ሳያበላኝ አይለቀኝም። መምህሩ ከተፈታን በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ቀብራቸው ላይ አዛዡን ከሰው ኋላ ቆሞ አይቼዋለሁ። ሰዎች እስር ቤት ይናፈቃል ወይ ይሉኛል። እኔን ያ መጋዘን ይናፍቀኛል፤ እሳቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ገብስ ሲለቅሙ ይናፍቁኛል።

ታፔላውን ኮምፒውተር ወሰደብኝ። አሁን ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው የደረሰበትን ሳይተነፍስ ያወርድልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ መልሼ አነብለታለሁ። አራት ነጥብ ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። የቸኮለ ባለጉዳይ ጨረስክ ወይ ይለኛል።

"አልጨረስኩም" እለዋለሁ፤ "እያዳመጥኩ ነው።"