ከቆላ የመጣ ኪኒን

መቼ እንደሆነ በውል አላስታውሰውም። ኮሮና ገባ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ የተባለበት ጊዜ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ነበር ወይስ አልታጨደም፣ እሱ ጠፍቶብኛል። የሚስቴ ወንድም ፊት ግን አልጠፋኝም።

ሚስቴ በሳልና በትኩሳት ወድቃለች። እኔ ዘንድ የወባ ኪኒን ነበረ። ድሮ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ፣ መተማ ወርጄ ወባ ሲጥለኝ የሰጡኝ ነው፤ ተሻለኝ ብዬ አቋርጬ፣ የተረፈውን በጨርቅ ቋጥሬ ምሰሶው ላይ አንጠልጥዬዋለሁ። አማቼ፣ ያው ወንድሟ፣ ይህን ያውቃል።

በማለዳ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

«ኪኒኑን አምጣ!» አለኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ የሚለኝ ሰው ነው። «የወባ መድኃኒት ኮሮናን ያድናል እየተባለ ነው። ገበያው ሁሉ ያወራል።»

«ገበያው ሐኪም ሆነ እንዴ?»

«ወባም በትኩሳት ያነድዳል፣ ይሄም ያነድዳል። ምን ልዩነት አለው?»

«እህትህ የልብ ሕመም አለባት። ሆስፒታል ሳትጠይቂን ምንም እንዳትውጪ ብለዋታል።»

«አይደለም! ለራስህ ቆጥበኸው ነው!»

ያን ኪኒን እኔ አውቀዋለሁ። ስውጠው ጆሮዬ ጮኾ፣ ገላዬን አሳክኮኝ፣ እንደ በሬ ግንድ ላይ ተፋትጌያለሁ። እሱ ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «መድኃኒት ደብቆ እህቴን ሊገድላት ነው» ብሎ አወራ። ጎረቤት ሰላምታ ነሳኝ።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆመ፤ አፍንጫውን በጋቢው ሸፍኗል። ትንፋሿ እያጠረ ነበርና ቋጠሮውን ፈታሁት። ሁለት ፍሬ መዳፌ ላይ አደረግሁ። አማቼን ጠላሁት፤ እውነቱን ቢሆንስ ብዬ ደግሞ ፈራሁ።

ሚስቴ በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች።

«የታመምኩት እኔ፣ የምትጣሉት እናንተ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ሐኪሙ ያለኝን የሰማሁት እኔ ነኝ» አለች። ወደ ደጁ ዞራ፣ «ወንድም ዓለም፣ ከወደድከኝ ግባና ደግፈህ አንሳኝ፤ ሆስፒታል አድርሰኝ።»

አልገባም። ጋቢውን አጥብቆ ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«አየህ?» አለችኝ። «በል አንተ አንሳኝ።»

አንስቼ ባጃጅ ላይ አወጣኋት። ሆስፒታል በአፍንጫዋ አየር ሰጧት፤ ሰንብታ ዳነች። ይዤው የሄድኩትን ኪኒን ያየችው ነርስ፣ «አባቴ፣ ይሄ የወባ ነው። ለእርስዎ ባለቤት ልብ ደግሞ አደገኛ ነው» ብላ ወሰደችብኝ።

አማቼ እስከ ዛሬ ለዓመት በዓል ደጃችንን አይረግጥም። እኔም አልጠራሁትም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ያን ክፉ ቀን ማን አሻገረህ ለሚለኝ ግን መልሴ አንድ ነው፤ ያቺው ተኝታ የነበረችው፣ ሚስቴ።