ጥላ የማይወድ ጣራ

መተማ ወረዳ፣ ሸሕዲ ከተማ ለዘገባ ሥራ ስወርድ ከዓመት ዓመት የማድረው አንድ ቦታ ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ አልጋ ቤት ነው፤ በሁለት ረድፍ የተሠሩ የጭቃ ክፍሎች፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ በመካከላቸው ሰፊ ግቢ። ባለቤቷ ባላቸው የሞተባቸው፣ ስልሳ ያለፋቸው ሴት ናቸው። እንግዳው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ስለ እሳቸው ዘገባ ሠርቼ አላውቅም። ዜና የሚባል ነገር አልደረሰባቸውም። የደረሰባቸውን የማውቀው ደንበኛ ስለነበርኩ ብቻ ነው።

ግቢው መሐል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበረ። በዚያ አገር ቀትር ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቀመጥ ስለማይቻል ሰው ጥላ ፍለጋ ይወጣል። የእትዬ ገቢ ከክፍሎቹ ይልቅ የሚመጣው ከዚህ ጥላ ነበር። የሰሊጥ አረምና አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጎች፣ ክፍል አይከራዩም። በገመድ የተጠለፈ አልጋ ተከራይተው ኒሙ ሥር ይዘረጋሉ። ባንድ ቀበሌ ያደጉ ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ቀን ቀን እዚያው ተቀምጠው አሠሪ ይጠብቃሉ። እርሻ ያለው ሰው ትራክተሩን በር ላይ አቁሞ በቀጥታ ወደ ጥላው ይገባል። ሻዩም ምሳውም የሚሸጠው፣ የቀን ዋጋ የሚቆረጠውም እዚያው ነው።

“ስንት ናችሁ?” አለ አንድ ቀን አንድ አሠሪ።

“ካበላኸን አሥራ ሁለት፤ ካላበላኸን ስድስት” አለው አንድ ጎጃሜ፣ ከተጋደመበት ሳይነሣ። እትዬ ሻይ እየቀዱ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ከዚያ ማበረታቻው መጣ። አንድ ፕሮጀክት ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ሆኖ የአልጋ ቤትና የሱቅ ባለቤቶችን ሰበሰበ፤ እኔም ለዘገባ ተገኝቼ ነበር። ኮርኒስ የሚሠራ፣ ጣራውን ነጭ የሚቀባ፣ የናፍጣ ጄኔሬተሩን በፀሐይ ኃይል የሚተካ ባለቤት የወጪው ግማሽ ይመለስለታል ተባለ። መጀመሪያ ግን ሁሉንም በራሱ ገንዘብ ይሠራል። ገንዘቡ የሚመለሰው ተቆጣጣሪ ከጎንደር መጥቶ ሥራውን ሲያረጋግጥ ነው። የፀሐይ ሰሌዳው ላይም ጥላ ማረፍ የለበትም። ደንቦቹን ያኔ ስጽፋቸው ስህተት አላየሁባቸውም። ዛሬም አላይባቸውም።

እትዬ መብራት በጠፋ ቁጥር ጄኔሬተር ያስነሡ ነበር። “ናፍጣ የሚጠጣው እሱ፣ የምከሳው እኔ” ይሉ ነበር። ቤታቸውን አስይዘው ከብድርና ቁጠባ ተበደሩ። ኮርኒሱ ተመታ፣ ጣራው ነጣ፣ ሰሌዳው ወጣ። ሥራውን የመራው ወጣት ባለሙያ ዛፉን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ “መቁረጥ አያስፈልግም፤ ወደ ጣራው ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ብቻ ያስመልምሉት” አላቸው። አስመለመሉት።

ተቆጣጣሪው በቀጠሮው አልመጣም፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ኒም ደግሞ ሲመለምሉት ይብስበታል። መንገዱ እስኪከፈት አዲሱ ቅርንጫፍ ሰሌዳው ላይ ደረሰ። እንደገና አስመለመሉ፣ እንደገና ተቀጠሩ። በዚህኛው ጊዜ ሰውየው መንገድ ላይ ካለችው ነጋዴ ባሕር ከተማ ደርሶ፣ መንገዱ ተዘግቶበት ተመለሰ። የብድሩ ክፍያ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ የሚቆም አልሆነም።

“ድንገት መጥቶ ቅጠል ቢያገኝብኝስ?” ይሉ ጀመር። “አንዲት ቅጠል ቤቴን ታሳጣኝ?”

“እትዬ፣ ዛፉን ለኛ ይተዉልንና ጣራውን ያስቆርጡት” አላቸው አንድ የወሎ ልጅ።

“ብድሩን አንተ ትከፍልልኛለህ?”

“እኔ የምከፍልበት ቢኖረኝ እዚህ ምን አስተኛኝ!”

በሚቀጥለው ጉዞዬ በሩን ከፍቼ ስገባ ግቢ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ብርሃኑ ዓይን ይወጋል። ኒሙ ከሥሩ ተቆርጦ፣ ግንዱ ተፈልጦ ግድግዳ ሥር ተከምሯል። እትዬ ፊቴን አይተው ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ። “በየወሩ ከማስመለምል አንዴ ተገላገልኩ።”

ተቆጣጣሪው መጣ። ሥራው እንከን አልተገኘበትም። የወጪው ግማሽ በቃል እንደተባለው ተመለሰላቸው፤ “አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም” ብለውኛል፣ እኔም አጣርቻለሁ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልበላም። የናፍጣ ወጪያቸውም ቀርቷል። በሥራ ዘመኔ ከተነገሩኝ ፕሮጀክቶች ያለውን ያደረገውን ቁጠር ብባል ይህኛውን አልዘለውም።

ከዚያ አረም ደረሰ። ሳሉጎቹ እንደ ልማዳቸው ስልቻቸውን ይዘው ገቡና ፀሐዩን አይተው በር ላይ ቆሙ። አሠሪዎቹም አንገታቸውን አስገብተው ባዶ ግቢ እያዩ ሄዱ። አጥሩን ተሻግሮ፣ እሱም አልጋ የሚያከራይ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ኒም አለ፤ ከእሳቸው ያነሰ ነው፣ ግን ቆሟል። በሳምንቱ ትራክተሮቹ የሚቆሙት እሱ በር ላይ ሆነ። እትዬ በማሽላ አገዳ ዳስ አስጣሉ፤ ነፋስ ወሰደው። የክፍሎቹን ኪራይ ከግቢው አልጋ ዋጋ እኩል አደረጉት። ክፍሎቹ ከኮርኒሱ በኋላ ደህና ናቸው፤ ማራገቢያም አላቸው።

ያንን የወሎ ልጅ ጎረቤት ግቢ አገኘሁትና ለምን ወደ እሳቸው እንደማይመለስ ጠየቅሁት።

“ክፍሉማ ግሩም ነው” አለኝ። “ግን ኮርኒስ ሥር ተኝቼ ማን መጥቶ ይቀጥረኛል?”

የብድሩን ግማሽ ማበረታቻው ሸፍኗል። ቀሪውን ግማሽ ይከፍላል ተብሎ የታሰበው ግቢው ነበር። ሁለት የሥራ ወቅት እንዲህ አለፈ። አበዳሪው የጊዜ ገደብ ሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል። በሐራጅ ከመርከሱ በፊት ራሳቸው ሊሸጡት ወሰኑ። ገዢም ነበራቸው፤ ጎረቤቱ። አጥሩን አፍርሶ ሁለቱን ግቢ አንድ ሊያደርግ ሲነጋገሩ ከርመዋል። ብድሩን ከፍለው በሚተርፈው መተማ ዮሐንስ አንዲት የሻይ ቤት ሊከፍቱ አስበው ነበር።

መጨረሻ ያየኋቸው ፀሐይ ጋደል ባለች ሰዓት ነው። የግድግዳውን ቀጭን ጥላ ተጠግተን ተቀምጠናል። ጎረቤቱ መጣ፤ በአርባዎቹ ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው።

“እትዬ፣ ያንን ዛፍ የቆረጠልዎት ሰውዬ የት ነው የሚገኘው?”

“ምን ሊሠራልህ?”

“አልሰሙም እንዴ? የማበረታቻው ምዝገባ እንደገና ተከፍቷል። ተመዘገብኩ እኮ!”

እትዬ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። “ዛፉን አትንካ። የኔን እያየህ?”

“የእርስዎንማ አየሁ፤ ገንዘብዎን ተቀብለዋል።”

“ሰዎቼስ? አንተ ግቢ አይደሉም? ለምን የመጡ ይመስልሃል?”

“የሚስቴን ወጥ ወደው ነዋ!” ብሎ ሳቀ። “አይቅኑብኝ እንግዲህ።” ወደ እኔ ዞረ። “አንተ ጋዜጠኛው፣ እውነቱን ተናገር። ገንዘቡ ተመልሶላቸዋል አልተመለሰላቸውም?”

“ተመልሷል” አልኩት።

“በቃ!”

ቀሪውን ነገርኩት። ስለ ትራክተሮቹ፣ ስለ ዳሱ፣ የወሎው ልጅ ስለነገረኝ። አላቋረጠኝም። ዜናው እስኪያልቅ ሬዲዮ ፊት እንደሚቆም ሰው በትሕትና ጠበቀኝና ስጨርስ ወደ እሳቸው ተመለሰ።

“የቤቱን ነገር ደግሞ ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ። ለእርስዎ የያዝኩትን ገንዘብ ለኮርኒሱና ለሰሌዳው አውዬዋለሁ። ግማሹ ሲመለስልኝ እንነጋገራለን።”

የአበዳሪው ገደብ እስከዚያ እንደማይቆይ ሦስታችንም እናውቃለን።  “ቆራጩን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጠይቅ” አሉት እትዬ። “ጎበዝ ነው፤ ጣራ ላይ አይጥልብህም።”

“እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ሄደ።

ለምን እንደነገሩት ጠየቅኋቸው።

“አትንካ አልኩት፣ አንተም ነገርከው። ሌላ ቃል አለኝ?” አሉ። “ደህና ቆራጭ ካላገኘ ደግሞ ዛፉ ሥሩ በሚተኙት ልጆች ራስ ላይ ይወድቃል።”

ጥላው ከእግራችን ሸሽቶ ነበር። ተነሥተው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አስጠጉ፤ የኔንም አስጠጉልኝ።