በቁሙ የደረቀው ግራር

ቀመሪያ ግራሩን የጠላችው ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው። ባጫ ጤነኛ ሳለ ጥላው ሥር ተቀምጦ የጋሪ ጎማ ይጠግን ነበር። ግማሽ አካሉ ከከዳው በኋላ ግን ከዚያች ካላቸው አንዲት ክፍል አልወጣም፤ ግራሩ ደግሞ በክፍሏ ቆርቆሮ ላይ አዘንብሏል። የአዳማ ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፉ ጣሪያውን ይፍቀዋል፣ ባጫም ዐይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ይቀራል። መሸሽ የማይችል ሰው ሲፈራ ማየት አንጀት ይበላል።

ቀበሌ ሄደች። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሌንሳ የምትባል ባለሙያ ከከተማው አስተዳደር መጥታ ዛፉን አየች። ልጅቷ ክፉ አልነበረችም።

«አዴ ቀመሪያ፣» አለቻት፣ «ግቢው የእርስዎ ነው፤ ሀገር በቀል ዛፍ ግን በቁሙ አይቆረጥም። ደርቆ ቢሆን ኖሮ ዛሬውኑ አስፈቅድልዎት ነበር። ቅርንጫፉ እንዲቀነስ አመለክታለሁ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

ቀመሪያ ከዚህ ሁሉ የያዘችው «ደርቆ ቢሆን» የሚለውን ብቻ ነው። በማግስቱ ባሏን አብልታ ስታበቃ መጥረቢያ ይዛ ወጣች፤ የግራሩን ቅርፊት ከሥሩ ዙሪያውን ላጠችው። ሰው እንዳያይባት ማዳበሪያ ጠቀለለችበት። ዛፉን ምን ነካው ብሎ ለጠየቃት ሁሉ ምስጥ ነው አለች። ለባጫ ግን እውነቱን ነገረችው፤ ትንሽ ቀረው፣ ሊቆረጥልህ ነው አለችው። በጤነኛው እጁ እጇን ጨበጣት።

ቅጠሉ ረገፈ። ደስ አላት፤ ምን ይደረግ፣ ደስ አላት። ሄዳ ደረቀ ብላ ብታመለክት ሌንሳ መስክ ወጥታለች ተባለች፤ ሌላው ሠራተኛ ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ እስኪያየው ይጠብቁ ብሎ መለሳት። የደረቀ ቅርንጫፍ ነፋስ እንደማይችል ታውቅ ነበር። ግን እስከዚህ የታገስኩ ለጥቂት ቀን ምን እሆናለሁ አለች።

ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ነፋሱ ተነሳ። ዱቄቷን ይዛ ስትመለስ ግቢዋ በሰው ተሞልቷል። ትልቁ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ቆርቆሮውን ይዞ አልጋው ላይ ወርዶ ነበር። ባጫ ከተኛበት አልተነቃነቀም።

ጀናዛው ሳይውል ሳያድር መነሳት ነበረበት። መቃብሩ ላይ የሚረበረብ እንጨት ሲጠፋ ጎረቤቷ ኑሬ ከዚሁ ከግራሩ እንቁረጥ ወይ ብሎ ጠየቃት። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። የዚያን ቀን ስለ ፈቃድ ያነሳ ሰው የለም። ወንዶቹ ግንዱን ሊጥሉ ማዳበሪያውን ሲፈቱት፣ በመጥረቢያ የተላጠው ዙሪያ ወለል ብሎ ታየ። ኑሬ ቀና ብሎ አያት።

«ምስጥ ነው፣» አለች ቀመሪያ፣ ማንም ሳይጠይቃት።