ኬላው ጭር የሚልበት ሰዓት

ሰልፍ አልወድም። የዳቦም ይሁን የታክሲ፣ ሰው ተደርድሮ ሳይ ልቤ ውልቅ ይላል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሰልፍ የሚይዘው እሱ ነበር፤ እኔ ጥላ ፈልጌ ቆሜ አማርር ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ መኪናዋም ሰልፉም ለእኔ ቀሩ።

ከኮልፌ ተነስቶ በአስኮና በሳንሱሲ በኩል ወደ ቡራዩ የሚወጣ ሰው ኬላውን ያውቀዋል። ሚኒባስ ሲደርስ ተሳፋሪው በሙሉ ይወርድና እየተፈተሸ በእግሩ ያልፋል፤ የጭነት መኪና ሸራው ይገለጣል፤ የቤት መኪና የኋላው ይከፈታል። ፍተሻው አይደለም ችግሩ፣ ሰልፉ ነው። ባልሆነ ሰዓት የሄደ ሰው ሞተር አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከጎኑ ካለው ሾፌር ጋር የኑሮ ውድነትን አንስቶ ጥሎ ሲጨርስ እንኳ ፈቀቅ አይልም። እኔ ግን እዚያ ሰልፍ ውስጥ የገባሁባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። አጥንቼዋለኋ።

ሰኞ አይሞከርም፤ አሸዋና ድንጋይ የሚያመላልሰው ሁሉ ሳምንቱን የሚጀምረው እዚያ ነው። ቅዳሜ ገበያተኛና ሠርገኛ፣ እሑድ ዘመድ ጠያቂ፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከብት የጫነ አይሱዙ። ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ነው። የሥጋ ቤቱ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ከብት ጫኙም ይቀንሳል፣ ረፋዱ ላይ ኬላው ጭር ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ከተመለስኩ የሠራተኛ ሰርቪሶች ሳይወጡ እቤቴ እገባለሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ጾም ስለሌለ ይህ ሁሉ ጥናቴ ገደል ይገባል፤ ያን ጊዜ ቀን አልመርጥም፣ ማልጄ እወጣለሁ። ይህን ያስተማረኝ የለም። እያየሁ፣ እየተናደድኩ የደረስኩበት ነው።

ይቺ እውቀቴ ሰፈር ውስጥ ተወራችና ስልኬ መጮህ ጀመረ። የማውቀውም የማላውቀውም ይደውላል።

“እትዬ፣ ዛሬ ኬላው እንዴት ነው?”

“አሁን ከተነሳህ ታልፋለህ። ምሳ ልብላ ካልክ ግን እራትህንም እዚያው ትበላታለህ።”

“እግዜር ይስጥልኝ!” ይልና ይዘጋል።

ከእነዚያ ሁሉ ደዋዮች አንዱ እንኳ “እርስዎስ እንዴት ዋሉ?” ብሎ መልሱን ጠብቆ አያውቅም። አልፈርድባቸውም፤ ሁሉም ወደሚሄድበት ይጣደፋል። ነገር ግን ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከቅድሙ ይብስ ጸጥ ይልብኛል።

ኬላውን የምሻገረው ወንድሜ ዘንድ ለመሄድ ነው። ታላቄ ናቸው፣ በብዙ ስለሚበልጡኝ ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት። አባትና እናታችን ካለፉ ወዲህ ከአንድ ቤት የቀረነው ሁለታችን ነን። ልጄ አግብታ ሐዋሳ ናት፤ የራሷ ኑሮ አላት። ጋሼ ሳያገቡ ነው ያረጁት። ጡረታ ሲወጡ ኮልፌ ያለውን የኪራይ ቤት ለቀው ከቡራዩ አለፍ ብሎ በሠሯት ሁለት ክፍል ቤት ገቡ።

እውነቱን ልናገርና፣ የምሄደው ዝም ብዬ ልጠይቃቸው ብቻ አልነበረም። ከሰው ጋር መብላት ናፍቆኝ ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ የራሴን ጉርሻ ራሴ ስጠቀልል፣ ራሴ ስውጥ፣ ድምፁን ራሴ ስሰማ ኖሬያለሁ። ሬዲዮ ከፍቼ ሞከርኩት፤ ሬዲዮ አይበላም። ጋሼ ዘንድ ስሄድ ደግሞ የሚሆነው እንዲህ ነው። እሳቸው በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። እኔ ጨጓራዬ ስለሚያመኝ ጾሙን እንጂ ሰዓቱን አልጠብቅም። ምስር ወጥ በሰሃን ያቀርቡልኛል፣ ከፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጉና “ብዪ እንጂ፣ ምነው ተኮፈስሽ?” ይሉኛል። እሳቸው እያዩኝ ብቻዬን እበላለሁ። በዚያ በሃምሳው ቀን ማልጄ ስደርስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እስኪመለሱ በር ላይ ጠብቄ፣ ትንሽ አውርተን፣ መንገዱ ሳይዘጋ ብዬ እነሳለሁ።

“ትንሽ ብትቆዪ ምን አለበት?” ይሉ ነበር በፊት በፊት።

“ኬላው ይዘጋጋብኛል ጋሼ።”

በኋላ በኋላ መጠየቁን ተዉት። እስከ በሩ ይሸኙኛል፣ መኪናዋ እስክትዞር ቆመው ያያሉ። እኔም ጭር ባለው መንገድ እየከነፍኩ አዝንላቸዋለሁ። አሁን ገብተው ያቺን ምስር ብቻቸውን ሊበሏት ነው እያልኩ፣ ለእሳቸው እያዘንኩ ለራሴ ሆድ ይብሰኛል።

አንድ ዓርብ እንደ ልማዴ ልነሳ ቁልፉን ሳዞር መኪናዋ ጭጭ አለች። ባትሪዋ ሞቷል። ጋሼ ጎረቤታቸውን ጠሩት፤ ጎልማሳ ነው፣ ደግ ሰው። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ማስነሻ ባትሪ ፍለጋ ሄደ። እስኪመለስ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሰልፉ ዓይኔ ላይ እየዞረ ግቢው ውስጥ ስንቆራጠጥ የአጥሩ በር ተንኳኳና የጎልማሳው ሚስት በትሪ ምግብ ይዛ ገባች። ሽሮ አለ፣ ጎመን አለ፣ የሱፍ ፍትፍት አለ። ጋሼ ሳይነገራቸው ወንበር አወጡ፣ ውኃ አቀረቡ። ባልየውም መኪናዋን አስነስቶልኝ ሲጨርስ እጁን ታጠበና የራሱ በሚመስል ቦታ ተቀመጠ። ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ብቻቸውን በልተው አያውቁም ነበር። እኔ ገና ኬላው ሳልደርስ እዚህ ትሪ ቀርቦ፣ ተቀላልደው፣ ተጎራርሰው ይበሉ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ አላለኝም። ቅናት ነው መሰለኝ።

“ዛሬስ መኪናዋ አስቀረችልን!” አለች ሴትየዋ ቦታ እየለቀቀችልኝ። “ጋሼ ሁልጊዜ ‘እህቴ ሰው የሚጠብቃት ናት፣ አታስቸግሯት’ እያሉን ነው እንጂ፣ መች እንዲህ በባዶው እንሸኝዎ ነበር።”

አንዴ ቆርሼ ሳልጎርስ ስልኬ ጮኸ። አስኮ ያለ ሰው ነው። “አሁን አይሞከርም፣ እስኪመሽ ይቆዩ” ብዬ ዘጋሁት። ሳላስቀምጠው ሌላ ተደወለ።

“በቃ ሂጂ፣ ሰዎችሽ ይፈልጉሻል” አሉ ጋሼ፣ ትሪውን እያዩ። “እኔ ጋ ስትቀመጪ ስልክሽ አርፎ አያውቅም። እኔም አውቄ ነው የማልይዝሽ።”

ልዋሽ እችል ነበር። በእንግዳ ሰዎች ፊት ነበርን፤ ሰው የሚፈልገኝ መስሎ መታየቱም ክብር ነው። ግን አፌ ቀደመኝ።

“ጋሼ፣ ሰዎቼ አይደሉም። ስለ ኬላው ነው የሚጠይቁኝ። እኔን ብሎ የሚደውል የለም፣ ቤትም የሚጠብቀኝ የለም።”

ጋሼ ቀና ብለው ትኩር ብለው አዩኝ።

“ታዲያ ወዴት ነው የምትሮጪው?”

“ሰልፉን ሽሽት ነዋ።”

“ይህን ሁሉ ዓመት? ለሰልፍ ብለሽ?”

ሴትየዋ ጠቅልላ አጎረሰችኝ፤ ዓይኔ እንባ ሲያቅር ቃሪያው ነው አልኩ። ቃሪያ ግን አልነበረበትም።

ልሄድ ስነሳ ጋሼ ጋቢያቸውን ደረቡ። እንደ ወትሮው እስከ በሩ የሚሸኙኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን የፊቱን በር ከፍተው ከጎኔ ተቀመጡ።

“ወዴት ነው ጋሼ?”

“እስከ ኬላው።”

“አሁን እኮ ሰልፉ የጉድ ነው!”

“ይሁና። እዚያ ስደርስ በባጃጅ እመለሳለሁ፤ አንቺ ንጂ።”

ሰልፉ ከጠበቅሁትም የባሰ ነበር። ከፊታችን አሸዋ የጫነ፣ ከኋላችን ሰርቪስ፣ በየመሐሉ ሊሽሎከሎክ የሚሞክር ባጃጅ። ጋሼ በመስኮት ቆሎ ገዙና ወረቀቱን በመሐላችን አድርገው ከአንድ ላይ እየዘገንን በላን። ጉልበታቸው እንደሚያማቸው ነገሩኝ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ተመላልሼ አልሰማሁም ነበር። ስለ ባሌ ጠየቁኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ ስሙን አፍ አውጥቶ የጠራልኝ ሰው አልነበረም። እንዴት ሰልፍ ይይዝልኝ እንደነበር ነገርኳቸውና ሁለታችንም ሳቅን። ጥርሳቸው ለቆሎ የሚሆን ስላልነበረ ለስለስ ያለውን ሽምብራ እየለየሁ አቀበልኳቸው።

ከፊቴ ያለው መኪና ሲጠጋ እኔ አልጠጋም ነበር። ክፍተቱ ሰፍቶ ከኋላ ያለው ሰርቪስ ጡሩምባውን ሲያምባርቅ ብቻ ትንሽ እንቀሳቀሳለሁ። ጋሼ አንዴ ገልመጥ አድርገው አዩኝና የቆሎውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ኬላው ላይ የኋላውን ከፍቼ አስፈተሽኩ። ጋሼ ወረዱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ በመስኮት ጎንበስ አሉ።

“ከእንግዲህ በጾም ቀን አትምጪብኝ።”

“በሌላው ቀን እኮ መንገዱ ይዘጋል፣ ጋሼ።”

“ይዘጋ” አሉና ዞር ብለው ወደ ባጃጆቹ ሄዱ።

ከኬላው ወዲህ ያለው መንገድ ክፍት ነበር። ሳንሱሲ ሳልደርስ ዳር ይዤ ቆምኩና አለቀስኩ።