ካፒቴኑን ያዘዝኩ ዕለት

ቡሬ አጠገብ ያደገች ልጅ ሽማግሌ አታዝም። ትልቅ ሰው ፊት "ውሃ ይስጡኝ" ማለት እንኳ ነውር ነው፤ "ጠምቶኝ ነበር" ብለሽ ዝም ነው፣ የገባው ይሰጥሻል። ይህን ይሉኝታ እንደ ተሸከምኩ ነው፣ በሚሊኒየሙ ማግስት፣ አዲስ አበባ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ሥልጠና የገባሁት።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። የሁለት አውሮፕላኖች መንገድ ሊገናኝ ሲል፣ በኮምፓስ ቁጥር አቅጣጫ ትሰጫለሽ። አብራሪው በዚያ ቁጥር ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ይጠበቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አሰልጣኜ ከጎኔ ተቀምጦ ሳለ፣ ራዳሩ ላይ ሁለት ነጥቦች ያገሬ ሰማይ ላይ መጡ። አንዱ ከባሕር ዳር ተነስቶ እየወጣ ነው፤ ሌላው ከሱዳን በኩል ገብቶ እየወረደ። ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ ናቸው፤ በዚያው ከቀጠሉ ከፍኖተ ሰላም በላይ ይገናኛሉ። የሚወርደውን ወደ ቀኝ ማዞር ነበረብኝ። በሬዲዮ የሰማሁት ድምፅ ግን አባቴን የሚያህል ሰው ድምፅ ነው!

"ካፒቴን፣ የሚመችዎ ከሆነ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢሉ ደስ ይለን ነበር" አልኩ፣ የጎጃም ትህትናዬን በእንግሊዝኛ አድርጌ።

"አመሰግናለሁ፣ ባለሁበት ተመችቶኛል" አለኝና ቀጥ ብሎ መጣ።

ወይ ጉዴ! ነጥቦቹ እየተቀራረቡ ነው። አሰልጣኜ "እዘዢው እንጂ!" ብሎ እጁን ወደ ማይክሮፎኑ ሰደደ። ቀደምኩት።

"አሁኑኑ ወደ ቀኝ ታጠፍ! አቅጣጫ አንድ ስምንት ዜሮ!"

ቁጥሩን እንደ ደንቡ መልሶ ነገረኝና ታጠፈ። አልተቆጣም፣ ለምን አላለም። ያ ሁሉ ብረት፣ ልጅ ያቀፈው፣ እንቅልፍ የወሰደው፣ በመስኮት በቆሎ ማሳችንን የሚያየው ሰው ሁሉ፣ በእኔ በአንዲት የገበሬ ልጅ ቃል ዞረ። አምላኬ ሆይ! ዛሬም ሳስበው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ነጥቦቹ ተራርቀው አለፉ።

ለበዓል ቡሬ ስገባ ለአባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጥፋቴንም አልደበቅሁም።

"ሽማግሌውን አዘዝሽው?" አሉ ግንባራቸውን ቋጥረው።

"አዎ፣ አባባ።"

"ባይዞርስ ኖሮ?"

እንባዬ መጣ። አባቴ ከመደባቸው ብድግ አሉ። በኛ አገር አባት ለልጁ አይነሳም፤ ልጅ ነው ለአባት የሚነሳው።

"ኧረ በሞቴ ይቀመጡ!" ብዬ ጮህኩ።

"ዝም በይ። የዚያ ሁሉ ሰው ነፍስ በአፍሽ ቃል ተርፏል" አሉኝ።

መደቡ ላይ እኔ እስክቀመጥ ድረስ አልተቀመጡም።