የቁምሳጥኑ ጀርባ

ጓዳዬን ያሳደስኩት ልጄን ከቤት ለማስቀረት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ጭሱ በዛ፣ ጥቀርሻው ምግብ ላይ ረገፈ እያልኩ ነበር የምመልሰው፤ እሱም ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን ልጄ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ከቀረ ወዲህ በመተማ በኩል ከአገር ስለወጡት ጓደኞቿ ማውራት አብዝታ ነበር። አንደኛዋ ከዐረብ አገር ፎቶ ትልክላታለች። እኔ ደግሞ አባቷን ወባ ከወሰደብኝ ጊዜ ጀምሮ ፈሪ ሆኛለሁ። መንገድ ሲዘጋ እፈራለሁ፣ ሲከፈትም እፈራለሁ። ተኩስ ሲሰማ እፈራለሁ፣ ዝም ሲልም ምን ሊመጣ ነው ብዬ እፈራለሁ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት።

አንድ ቀን ሽሮ ስታማስል ከጣራው ላይ ጥቀርሻ ድስቱ ውስጥ ወደቀ። ማማሰያውን አስቀመጠችና «እዚህ ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ አርጅቸ ልሙት?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ዝም ብላ ነው የጠየቀችኝ። በሳምንቱ ገጠር ዘመድ ጋር ያስቀመጥኳትን ጊደር አሽጬ አናጢና ለሳኝ ጠራሁ።

ቤታችን ወረታ ከመገንጠያው ገባ ብሎ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ጓዳውንና ልጄ የምትተኛበትን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። በዚያ ግድግዳ ውስጥ ባለቤቴ በወጣትነቱ ከዋንዛ የሠራው ቁምሳጥን ገብቶ ተቀምጧል። የላይኛው ለዕቃ፣ የታችኛው ለእህል ነው። ጀርባው ከልጄ ክፍል በኩል ነው፤ እዚያ አልጋዋ ራስጌ ላይ ጨርቅ ወጥረንበታል።

ልጄ ቁምሳጥኑ ወጥቶ ባለመስተዋት እንዲገባ ፈልጋ ነበር። ሌላውን እንዳሻሽ፣ እሱን ግን አትንኪብኝ አልኳት። የአባቷ እጅ ያለበት ሌላ ዕቃ የለንም። ጥቂት ካኮረፈች በኋላ ቀለሙን እኔ ልምረጥ ብላ ታረቀችኝ፤ ውሃ ሰማያዊ መረጠች።

አናጢው ወሬኛ ሰው ነው። መዝጊያዎቹን ነቅሎ ውስጡን ሲያይ ቆየና የቁምሳጥኑን ጀርባ በካቻቢቴ ወጋ ቢያደርገው ብረቱ ዳቦ ውስጥ የሚገባ ያህል ገባ።

«እትየ፣ ምስጥ ጨርሶታል። ላውጣውና ጀርባውን በአዲስ ጣውላ ልምታልዎ።»

ከግድግዳው ከወጣ ፈራርሶ የሚቀር መሰለኝ። ለሞተ ሰው ሥራ ስሳሳ በሕይወት ያለችውን ረሳሁ፤ ዛሬ ነው እንዲህ የምለው። ያኔ ያልኩት «ግዴለህም፣ ፊቱን ብቻ አሳምርልኝ» ነው።

«እንደ ሙሽራ በሉኛ» አለ እየሳቀ፣ «ፊቷ ከተኳለ ጀርባዋን ማን ያያል።» ልጄም ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር እኔም ሳቅሁ።

ፊቱን አሳመረልኝ። መዝጊያዎቹን ላገ፣ አዲስ ማጠፊያና እጀታ ገጠመላቸው፣ ዳር ዳራቸውንም አይጥና በረሮ እንዳያስገቡ በአሮጌ ካላማዳሪያ ጎማ ለበጣቸው። ሲዘጉ ትንፋሽ አያስወጡም። ለሳኙ ግድግዳውን በሲሚንቶ ለሰነ፤ ወለሉ ሊሾ ሆነ። ምድጃውን ደጅ ስላወጣነው ጭሱ ይወጣበት የነበረው በግድግዳውና በጣራው መካከል ያለው ክፍተት ተደፈነ፤ ከሥሩ ኮርኒስ ተመታ። ጎረቤቶቼ እየመጡ አዩልኝ። ልጄ ሳምቡሳ እየጠበሰች መገንጠያው ላይ ለሾፌሮች መሸጥ ጀመረች። የመተማ ወሬ ቀረ። ሁለት ወር ያህል ፍርሃቴ ትንሽ ጋብ አለልኝ።

ክረምቱ ሲገባ ከመሬታችን የደረሰንን ሽምብራ ነቀዝ ጀመረው። እንደየዓመቱ ከገበያ የነቀዝ ክኒን ገዛሁ። እንደየዓመቱ በጨርቅ ቋጥሬ ከጆንያው ጋር ታችኛው ቁምሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩና ዘጋሁ። ዱሮ መዝጊያው ገርበብ ይል ነበር፤ ሽታው በጓዳው አልፎ በጣራው ክፍተት ይወጣል። አሁን መውጫ እንደሌለው አላሰብኩም። ሐሙሲት ከተማ ለቅሶ ስለነበረብኝ ከጎረቤቴ ጋር በጧት ሄድኩ። ልጄን ስሰናበታት ጠጉሯን እየጎነጎነች ነበር።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ዝናብ ነበር። በሩም መስኮቱም ዝግ ነው። ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና መሬት ላይ አስመልሳለች፤ ደረቷን ይዛለች፤ እጇ ቀዝቅዟል። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ምን ሆንሽ ብላት ራሴን አመመኝና ተኛሁ፣ ከዚያ አላውቅም አለችኝ። ጎረቤቴ ባጃጅ ጠራች፤ ሁለታችን ደግፈን አስገባናት።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ነው ሽታው የገባኝ። በየዓመቱ ቁምሳጥኑን ስከፍት የሚሸተኝ የክኒኑ ሽታ ነው።

እዚህ የነቀዝ ክኒን ሲባል ሰው የሚያስበው ነቀዝን አይደለም። በዚያ ክኒን ራሷን አጠፋች የተባለች ልጅ ወሬ ያልሰማ ሰፈር የለም፤ ያለ ፍትሐት ተቀበረች የሚባል ወሬ። ልጄ ደግሞ ፈተና የወደቀች ናት፣ ዝም ያለች ናት። ጎረቤቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። መጥፎ ሴት አይደለችም፤ ግን የሰማችውን ይዛ ማደር አትችልም።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ «ምን ወሰደች?» አለችኝ። ምሳዋ ሳይስማማት አይቀርም አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ፤ እንጃ አልኩ። ጉሉኮስ ሰቀሉላትና ሄዱ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ልጄ ስትተነፍስ ከሩቅ እንደሮጠ ሰው ነበር፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ስለ ስሟ እያሰብኩ ነበር። ከንፈሯ ሲጠቁር ነው ነርሷን ሮጬ ይዤ ጎረቤቴ እየሰማች ሁሉን የነገርኳት፤ ክኒኑን፣ ቁምሳጥኑን፣ ጎማውን።

«ስንት ዋጠች?» አለችኝ።

«አልዋጠችም፤ ሽታው ነው።»

«እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው» አለችና ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

ሦስት ቀን ተኛች። እግዚአብሔር ተለመነን፤ ይዣት ተመለስኩ። ሐኪሙ ልቧ ተጎድቷል፣ ከባድ ነገር አታንሳ አለን። እኛ ቤት ሳንደርስ ግን ወሬው ደርሷል። ሊጠይቁን የሚመጡት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚገቡት፤ ለእኔ «አይዞሽ፣ ልጅነት ነው» ይሉኛል። ድመታችን ከልጄ አልጋ ሥር ሞታ ተገኘች። ይኸው፣ ድመትም ክኒን ዋጠች ወይ ብዬ ለጎረቤቴ አሳየኋት። ያስመለሰችውን ልሳው ይሆናል አለችኝ፣ በሐዘኔታ።

ጨርቁን ገልጬ የቁምሳጥኑን ጀርባ ለመጣው ሁሉ አሳያለሁ። ምስጡ የበላው ቀዳዳ ጣት ያስገባል። ሰው ያያል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ይሄዳል። የንስሐ አባታችን መጥተው እሳቸውም ጣታቸውን አስገብተው ከጓዳው በኩል ያለውን ጆንያ ነኩ። «እኔ አምኛለሁ» አሉኝ። እንግዲያው አባ፣ ለሰው ይንገሩልኝ አልኳቸው። «ባልተጠየቅሁት ብናገር ያላሰበውም ያስባል፤ ተይው» አሉኝ። እንደመከሩኝ አውቃለሁ፤ ግን የሚናገርልን ሰው አጣን።

የባሰው ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አንድ ጧት የክኒኑን ፌስታል ፈልጌ አጣሁት። የቀረ ክኒን ነበረበት ወይስ ሁሉንም ጨርሻለሁ? ሽንት ቤት ጥየዋለሁ ወይስ የሆነ ቦታ ሸጉጨዋለሁ? ጨነቀኝ። ነርሷ ያለችው፣ ጎረቤቴ ያለችው፣ ጥቀርሻው የወደቀ ዕለት ራሷ ያለችው ሁሉ አንድ ላይ መጣብኝ። ቀዳዳውን በዐይኔ እያየሁ፣ ድመቷን በእጄ ቀብሬ፣ እኔው ተጠራጠርኩ።

ልጄ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽሮ ልትከካ ሽምብራ ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ልጀ፣ አልቆጣሽም። እውነቱን ንገሪኝ፤ ምንም አልዋጥሽም?»

እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። አላለቀሰችም።

«እማየ፣ አንችም?» አለችኝ።

ይቅር በይኝ አልኳት። እሽ አለች፤ እሽታዋ ግን ለእንግዳ የሚባል እሽ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስገባ ትወጣለች፣ ስተኛ ትነሳለች። ሳምቡሳውን ተወችው፤ ሾፌሮቹም ሰምተው ነበርና ከእሷ እጅ መግዛት ፈርተዋል። በመጨረሻው ቀን አንዱ «ምን ጨምረሽበት ይሆን» ብሎ ቀልዶባት መጣች፤ ሰፌዱን አስቀምጣ ቀለሙን ራሷ የመረጠችውን ቁምሳጥን ለረጅም ጊዜ አየችው።

መስቀል ካለፈ በኋላ ጎንደር እሄዳለሁ አለችኝ፤ የሚያውቋት ሰዎች ምግብ ቤት ሥራ አግኝተውላታል። መተማ አይደለም አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። ልቅር ወይ ብትለኝ ኖሮ በምን አፌ ቅሪ እላት ነበር፤ ሂጅም አላልኳት። በቀን ብርሃን እስከ መገንጠያው ሸኘኋት። ቦርሳሽን ልያዝልሽ ብላት ከባድ አይደለም አለች። ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ በመስኮት እጄን ያዘችኝና ሐኪም ቤት ለምን ቆየሽ፣ ለምን ወዲያው አልተናገርሽም አለችኝ። ለካ ታውቅ ነበር። ሚኒባሱ እጃችንን አለያይቶ ሄደ።

በየእሑዱ ትደውላለች። ደመወዟ ደህና ነው፣ ደረጃ ስትወጣ ግን ያደክማታል። እኔ የማነሳው ሌላ ነገር አላገኝም፤ ምን በላሽ እላታለሁ። እናት የምትጠይቀው ነው። እሷ ግን ከጀርባው ያለውን ጥያቄ ትሰማዋለች፤ የምግብ ቤቱ ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«እንጀራ ነው የበላሁ እማየ» ትለኛለች። «እንጀራ ብቻ።»